ነጭ ክር የታሰረላቸው ጥንቸሎች

ነገሌ፣ 2007 ዓ.ም.

ጥር 6

ተጀመረ። ጥንቸሎቹ በሦስት ተከፍለው እየበሉ ነው። በሽቦ ቤታቸው በር ላይ ነጭ ክር የታሰረላቸው ድርቆሽና ፉርሽካ ብቻ ነው የሚያገኙት። ቀይ ክር ያላቸው ፉርሽካቸው ላይ የቀለጠ ቅቤ ይጨመርላቸዋል። አረንጓዴዎቹ ያንኑ ቅቤ ይበላሉ፤ የእነሱ ግን ዶክተር ፍቅሩ ከሐዋሳ በፌስታል ጠቅልለው የላኩልኝ ነጭ ዱቄት ተቀላቅሎበታል። ዱቄቱ ከአኩሪ አተር የወጣ ስቴሮል ነው። ቅቤ በደም ውስጥ ከፍ የሚያደርገውን ኮሌስትሮል ዱቄቱ ይመልሰው እንደሆነ ማየት ነው ሥራዬ። የማስተርስ መመረቂያዬ ይኸው ነው። ሌላ ዓላማ የለኝም።

ዲንቄ ቅቤውን እያቀለጠች አስሬ ወደ በሩ ታያለች። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ ነው የማውቃት፤ አሁን በምርምር ጣቢያው የእንስሳት ቤት ትሠራለች። «ሰንበቴ፣ በዚህ በቦና በጋ፣ ላሞቹ ጡታቸው በደረቀበት፣ ቅቤ ለጥንቸል ስንሰጥ ሰው ቢያየን ይረግመናል» አለችኝ። በሩን ዝጊው አልኳት።

ጥር 9

አይተውናል። ዛሬ በገበያ ሳልፍ አንዷ ለሌላዋ «የቅቤ ነጋዴው የጃልዴሳ ልጅ ናት፤ ለጥንቸል ቅቤ የምታበላው» ስትል ሰማሁ። «ትበላቸው ይሆን?» አለች ሌላዋ። ተሳሳቁ። ጥንቸል መብላት እዚህ አገር ክርስቲያኑም እስላሙም ዋቃ የሚለምነውም እኩል የሚጠየፈው ነገር ነው። ቢያንስ በአንድ ነገር አስማማኋቸው።

አባባን አየኋቸው። ቅቤ ተራው ላይ ከቦታቸው ተቀምጠዋል። በህዳር ደረታቸውን ይዘው የወደቁት እዚያው ላይ ነበር። ሐዋሳ ወስደናቸው ሐኪሙ ኮሌስትሮላቸው ከልክ በላይ ነው አለ፤ ኪኒን አዘዘ፤ ቅቤና ጮማ ሁለተኛ እንዳይነኩ አስጠነቀቀ። ቅቤ ሲነግዱ ፀጉራቸው ለሸበተ ሰው! እኔም መከርኳቸው። «ኤዬ፣ እሺ» አሉኝ። አባባ ኤዬ የማይሉት ነገር የለም፤ ያሻቸውን ነው የሚያደርጉት።

ጥር 16

አባባ ጣቢያው መጡ። ከገበያ ሲመለሱ መንገዳቸው ነው። ጥንቸሎቹን አንድ በአንድ አይተው እንደ ከብት በመልካቸው ስም አወጡላቸው። ዳማዋ፣ ቡሬው፣ ጉራቻው። ከዚያ ክሮቹ ምን እንደሆኑ ጠየቁኝ።

ነገርኳቸው። ኮሌስትሮል ከምግብ ወደ ደም የሚገባው በአንጀት በር በኩል ነው፤ የዕፅዋቱ ስቴሮል መልኩ ስለሚመሳሰል ቀድሞ በሩ ላይ ቦታ ይይዝበታል፤ ቦታ ያጣው ኮሌስትሮል ከአዛባው ጋር ይወጣል፤ ስቴሮሉን ደግሞ ሰውነት ብዙም አያስገባውም፤ አልኩ።

ትንሽ አሰቡ። «ኤላው ላይ፣ ጉድጓዱ ላይ፣ የውሃ ተራ አለ። የሰው ከብት የኔን ምልክት ተተኩሶ መጣና ተራዬን ያዘ፤ እንዲህ ነው?»

«አዎ፣ እንደዚያ ነው።»

«ተራ የሚያስጠብቀው አባ ሄሬጋ አላወቀም?»

«አላወቀም። ይመሳሰላሉ።»

«የኔ ከብቶችስ?»

«ሳይጠጡ ተመለሱ።»

«ይሄን ነው እንግዲህ ጥሩ የምትዪው!» አሉ። ዲንቄ በሳቅ ፉርሽካውን ደፋችው።

ሲወጡ «እኔ የትኛው ነኝ?» አሉኝ። ቀዩ አልኳቸው። «ነጮቹስ ምን ያገኛሉ?» ምንም አልኩ። «ምን አጠፉ?» አሉና ሄዱ።

ጥር 24

መብራት የለም። ፍሪጁ ቆሟል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም። አንዲት ቀይ ታማለች፤ ተቅማጥ። ዶክተር ደወሉ፤ መስመሩ ተቋረጠ። የሚሉኝን አላውቅም። ራሴን አሞኛል።

ጥር 25

መብራት መጣ። ጥንቸሏ በልታለች። ዶክተር ፍቅሩ የደወሉት እንደምን አለሽ ሊሉኝ ኖሯል። እኔ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ በሐሳቤ ከሥራ ስባረር አድሬ ነበር።

የካቲት 3

አባባ በየቀኑ ማለት ይቻላል ይመጣሉ። መኖ ሰጥተን እቃ ስናጥብ እሳቸው ውስጥ ይቀመጣሉ። ለጥንቸሎቹ በኦሮምኛ ያወራሉ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያ። ደስ ይለኛል ልበል? ይለኛል። ከታመሙ ወዲህ እንዲህ ዘና ብለው አላየኋቸውም።

ነገር ግን ዛሬ ኮታቸውን ሳቀብላቸው ኪሱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ጣቶቻቸው ያብረቀርቃሉ። አየኋቸው፤ አዩኝ። ምን ልበል? ሽማግሌ ሰው እንደ ሕፃን እጅዎን ያሳዩኝ አይባልም። ብቻ መንገዱን ሁሉ እየተናደድኩ ገባሁ። ከእሳቸው ይልቅ በራሴ ተናደድኩ። የተማርኩት ስለ ስብ፣ ዲግሪዬ ስለ ስብ፣ የገዛ አባቴን አንዲት ጉርሻ ማስተው አልቻልኩም።

የአረንጓዴዎቹን ዱቄት ትንሽ ጨመር ባደርገውስ? አይሆንም። መጠኑ ተጽፎ የጸደቀ ነው። ለምን እንዳሰብኩት እንጃ።

የካቲት 10

ሁዳዴ ገብቷል። እማዬ ቅቤውንና ቋንጣውን ከጓዳ አውጥታ ለጎረቤት አስረከበች። አባባ አይጾሙም፤ ቤት ውስጥ ግን እሷ የሠራችውን ይበላሉ። «ቤት ያለውን እኔ ዘግቻለሁ፤ ገበያ ያለውን አንድዬ ይዝጋው» አለችኝ። እማዬ የወታደር ልጅ ናት፤ ነገር ሁሉ ለእሷ በር መዝጋትና ዘብ ማቆም ነው።

ከሰዓት በቅቤ ተራ አለፍኩ። ሆን ብዬ አይደለም። አንዲት የገጠር ሴት ቅሏን ከፍታ «ቅመስ» አለቻቸው፤ አባባ በጣታቸው ዛቅ አደረጉ። ፊቴን አዞርኩ። ቀሪውን ማየት አልፈለግሁም።

የካቲት 15

ደም ቀዳን። ከጆሮ ሥር ነው የሚቀዳው፤ ዲንቄ ትይዛለች፣ እኔ እወጋለሁ። ሁለታችንም እያላበን። ሴረሙን ለይተን በበረዶ ሳጥን አሸግነው ለአውቶቡሱ ረዳት ሰጠነው። «ቦሬ ከደረስኩ እንኳን ሳጥኑ እኔም በረዶ እሆናለሁ» አለ ረዳቱ። የቦሬን ብርድ አምኜ ተኛሁ።

አረንጓዴዎቹ ጥሩ ይሆናሉ። ይታወቀኛል። ዱቄቱ ከሠራ ሰው የሚወደውን ሳይተው ይድናል ማለት አይደል? በጠቅላላው ነው የማወራው።

የካቲት 22

ውጤቱ መጣ። አረንጓዴዎቹ ከቀዮቹ ዝቅ ብለዋል! ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። ላብራቶሪው ውስጥ ማንም ባለመኖሩ ተመስገን።

ከዚያ ነጮቹን አየሁ። ከአረንጓዴዎቹ እምብዛም አይለዩም። ድርቆሽና ፉርሽካ የበሉ ጥንቸሎች! ስህተት ነው ብዬ ደግሜ አየሁ። ሦስተኛ አየሁ። ሐዋሳ ደወልኩ፤ ሁለት ጊዜ ነው የለካነው አሉኝ። የሌሎቹ ከፍታ የሚመዘነው በነጩ ነው። ነጩ ከተበላሸ ቀዩም አረንጓዴውም ትርጉም የለውም። የስንት ሳምንት ድካሜ ገደል ገባ።

እንደ ይሁዳ እየሳመ የሚሸጥ አለ ማለት ነው። ከዲንቄና ከእኔ በቀር መኖ የሚነካ የለም።

የካቲት 23

ዲንቄን ጠየቅኳት። አልጠየቅኳትም፣ ከሰስኳት። «ለነጮቹ ቅቤ ሰጥተሻል?» አልኳት፤ በር ላይ፣ ዘበኛው እየሰማ። ቀና ብላ አየችኝ። «ቅቤ ብሰርቅ ለልጆቼ እወስድ ነበር» አለች። ጋውኗን አውልቃ ምስማሩ ላይ ሰቅላ ወጣች።

እራት አልበላሁም። አባባ ምን ሆንሽ አሉኝ፤ ደከመኝ አልኩ።

የካቲት 25

ብዙ እጽፋለሁ፤ እንቅልፍ የለም።

ዛሬ ዲንቄ ስላልመጣች መኖውን ለብቻዬ ሰጥቼ ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ሚዛን እያጸዳሁ ነበር። አባባ ገቡ። አላዩኝም። እንደ ወትሮው «ነጋ? አካም ኦልታን?» ብለው ጥንቸሎቹን ሰላም አሉ። ከኮታቸው ኪስ በቅጠል የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ ፈቱት፤ ቅቤ ነው። ነጭ ክር ያለበትን የመጀመሪያውን በር ከፍተው የፉርሽካውን ሳህን አወጡና በጣታቸው ለወሱት። ቀጥሎ ሁለተኛውን። አንዱንም አልዘለሉም።

«አባባ!» አልኩ። ጩኸቴ ለራሴ አስደነገጠኝ።

አልደነገጡም። እጃቸውን በድርቆሹ ጠረጉ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እያበላኋቸው።»

«እነዚህ ቅቤ አይበሉም! ነግሬዎታለሁ፤ ምንም አያገኙም ብያለሁ!»

«ነግረሽኛል። ለዚህም ነው።» ኮታቸውን አውልቀው ሳጥኑ ላይ ተቀመጡ። «ሴቶቹ ከሩቅ ነው የሚመጡት። ቅሉን ከፍታ ቅመስ ትለኛለች። አልቀምስም ብል ቅቤዋን ናቀ ይባላል፤ የናቅሁትን ደግሞ ሌላ አይገዛትም። አፌ ድረስ አስጠግቼ ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ እላታለሁ። ጣቴ ላይ የቀረውን ምን ላድርገው? ዳዳ፣ ቅቤ፣ መሬት አይጣልም፤ የላሟ እርግማን አለው። ቅጠል ላይ አኖረዋለሁ። የብዙ ሴት ሲሆን ይሄን ያህል ይሆናል። እዚህ ስመጣ ጎረቤቶቻቸው ይበላሉ፣ እነዚህ በሽቦ ያያሉ። አንዱ እየበላ አንዱ የሚያይበት ቤት የት አለ፣ ኢንተላ ቲያ፣ ልጄ?»

«ደማቸው ተበላሽቷል! ሥራዬን አበላሽተውብኛል! በዚህ የተነሳ ዲንቄን ሌባ አልኳት!»

የዲንቄን ስም ስጠራ ነው የደነገጡት። ተነሡ። «እሷ ቤት እኔ እሄዳለሁ» አሉ። ዱላቸውን ይዘው ወጡ፤ ኮታቸውን ረስተውት።

አባቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። እውነቱን ልጻፈው፤ የተናደድኩት ስለ ዲግሪው ብቻ አይደለም። አረንጓዴዎቹ ከነጮቹ እኩል ቢሆኑልኝ ኖሮ፣ ዱቄቱን በቅቤ ለውሼ ለአባባ ልሰጣቸው ነበር። እንደ ድሮ ያለ ሥጋት እንዲበሉ። መቼም ቅቤ የማይተዉ ሰው ናቸው፤ ይብሉ ግን አይሙቱ ብዬ ነበር። አሁን የማውቀው ነገር የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

የካቲት 28

ዶክተር ፍቅሩ ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ያደረጉት አባቴ መሆናቸውንም። ሳቁ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው ይስቃሉ!

«ጥንቸሎቹን አትጣያቸው» አሉኝ። «የሆነውን እንደሆነ ጻፊው፤ ምንም አትደብቂ። ከዚያው ዘር ያልተነኩ ጥንቸሎች አሉሽ አይደል? እነሱ ንጹሕ ማነፃፀሪያ ይሁኑ። ነጮቹን ግን ከዛሬ ጀምሮ ቅቤ ነሻቸውና ተከታተይ። የወጣው ይወርዳል ወይ? በምን ያህል ጊዜ? ይሄ ከመጀመሪያው ጥያቄሽ አያንስም።»

ስልኩን ዘግቼ አፍንጫዬን ተናፍጬ ያልተነኩትን ልቆጥር ሄድኩ። ይበቃሉ።

መጋቢት 2

ዲንቄ ተመለሰች። አባባ ቤቷ ድረስ ሄደው ደጃፏ ላይ ይቅርታ ጠይቀዋታል። «እኔ ከሳቸው አይደለም የምጠብቀው» አለችኝ። በር ላይ፣ ዘበኛው እየሰማ፣ ይቅርታ ጠየቅኳት። ዘበኛው «ተዪያት እንግዲህ፣ ሰው ናት» አለ። ጋውኗን ለበሰች። እስከ ምሳ አላናገረችኝም፤ ከምሳ በኋላ ሰደበችኝ፤ ታረቅን።

አባባ ጣቢያው መምጣት ትተዋል። ቤትም ስንገናኝ ስለ ዝናብ ብቻ ነው።

መጋቢት 11

እማዬ የሽሮ ወጥ እያማሰለች ስለ ጥንቸሎቹ ጠየቀችኝ። ስንት ቀን ሙሉ ያመቅሁትን ዘረገፍኩላት። በየቀኑ በቅጠል ጠቅልለው እያመጡ፣ ኪሳቸው እየሸተተ፣ እኔ ደግሞ እሳቸው በልተውታል እያልኩ ስናደድ...

ማማሰሏን አቆመች።

«ቅቤውን ጥንቸሎቹ ከበሉት፣ ታዲያ አባትሽ ምን በላ?»

ከዚያ ወዲያ ምን እንደተባባልን አላስታውስም።

መጋቢት 12

ቅቤ ተራ ሄድኩ፤ ዛሬ ሆን ብዬ። ከተራው ፊት ለፊት፣ ከአሲያ ሻይ ቤት ተቀምጬ አየሁ። ሴትየዋ ቅሏን ከፈተች። አባባ በጣታቸው ዛቅ አደረጉ፤ ወደ አፋቸው አስጠጉት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱት፤ አሞገሱላት፤ ሴትየዋ ደስ ብሏት ወደ ጓደኞቿ ዞረች። ጣታቸው ቅጠሉ ላይ ተጠረገ። ከንፈራቸውን አልነካም። ሌላዋ መጣች፤ እንደዚያው። ሦስተኛዋ፤ እንደዚያው።

«አሁን ቅጠሉ ሲሞላ ለኔ ይሰጡኛል» አለችኝ አሲያ። «እሳቸው አይበሉትም እኮ። ከታመሙ ጀምሮ አንድ ቀን አልቀመሱም። አታውቂም ነበር?»

እንባዬን እንዳታይ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን አሰርኩ፤ የለበስኩት ግን ማሰሪያ የሌለው ነው። ሄጄ ላቅፋቸው ነበር። በሴቶቹ ፊት ምን ብዬ? ሻይዬን ጠጥቼ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ። ግን ደስ ብሎኛል፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ በጣም ደስ ብሎኛል።

መጋቢት 30

እስካሁን ምንም አላልኳቸውም። በየማታው እጀምራለሁ፤ ስለ ዝናብ ሆኖ ያልቃል። ደመናው በደቡብ በኩል ይከብዳል፣ ይሄዳል።

ሚያዝያ 6

ፋሲካ አለፈ። እማዬ ዶሮ ሠራች፤ በዘይት። ጎረቤት ሁሉ ቅቤ እየሸተተ የኛ ቤት የኑግ ዘይት። «ታማለች ወይ?» አሉ። እማዬ ግድ አልሰጣትም።

ሚያዝያ 12

ዘነበ! ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ዲንቄና እኔ የደም ብልቃጦቹን ይዘን እንደ ሕፃን ጮኽን። ዝናቡ ገና ነው ብለን ነበር። ከተማው ሁሉ ደጅ ወጥቷል።

ሚያዝያ 13

የዘነበው መንገዱን ቆርጦታል። አውቶቡስ የለም። ሴረሙ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ መብራት እንዳይጠፋ ስለት ተስያለሁ። ዝናብ ለምኜ ዝናብ ስረግም! ምስጋና ቢስ ነኝ።

ሚያዝያ 16

አለፈ። ረዳቱ ሳጥኑን ታቅፎ በእግሩ ጭቃውን ተሻግሮ ወዲያ ማዶ የቆመ መኪና ላይ ጫነው። መርቄዋለሁ።

ሚያዝያ 25

ውጤቱ ዛሬ መጣ። በእርጋታ ልጻፈው።

ነጮቹ ወርደዋል። ቅቤ ካልነካቸው ጥንቸሎች ጋር ሊስተካከሉ ምንም አልቀራቸውም። ሰውነት ቅቤውን ካቆሙለት ይመለሳል፤ ጉበቱ የራሱን ያጸዳል። ቀዮቹ እንደወጡ ናቸው። አረንጓዴዎቹ ከቀዮቹ በግልጽ ያንሳሉ፤ ዱቄቱ ሠርቷል፤ ግን ቅቤ ያልበሉት ጋ አልደረሱም። በሩ ላይ ተራ ይይዛል እንጂ ሁሉንም አይመልስም። ዶክተር ፍቅሩ «በዚህ ትመረቂያለሽ፣ በደንብም ትመረቂያለሽ» አሉኝ።

ሌላም ውጤት ነበር። ባለፈው ሳምንት እማዬ አባባን አስገድዳ ክሊኒክ ወስዳቸው ነበር። የሳቸውም ወርዷል። ሐኪሙ ኪኒኑም ሠርቷል፣ አመጋገቡም ሠርቷል፣ በዚሁ ይቀጥሉ ብሏቸዋል። እማዬ ወረቀቱን የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ሥር አስቀመጠችው።

ማታ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩ። ስለ ዝናብ ከመጀመራቸው በፊት ቀደምኳቸው።

«አባባ፣ ዱቄቱ ያግዛል እንጂ ቅቤውን አያስረሳም። ከቅቤ ጋር የበሉት፣ ቅቤ ካልበሉት እኩል አልሆኑም። እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ለእርስዎ ነበር። ቅቤዎን መልሼ ልሰጥዎት። አልሆነልኝም።»

«እኔ አልጠበቅሁም» አሉ።

«አሁን አውቄያለሁ። ለምን አልነገሩኝም?»

«ቅቤ ነጋዴ ቅቤ አይበላም ብዬ ማንን ልንገር?» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት። «ሐዋሳ፣ ሐኪም ቤቱ በር ላይ፣ ሰዉ ሁሉ እያየሽ እጄን ይዘሽ አለቀስሽ። አባባ ይተዉት፣ እኔ አባት የለኝም ሌላ፣ አልሽኝ። የዚያኑ ቀን ተውኩት። ልጄ ስታለቅስ ካየሁ በኋላ የጥንቸል ደም ምን ይጨምርልኛል?»

እማዬ ራት አቀረበች፤ ሦስታችንም ከአንድ ትሪ በላን።